ሩዝ በአትክልት፦ ከፎገራ ማሳ እስከ ቡሬ ዘይት

ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ የሰከላን ቁልቁለት ወርዶ፣ የሜጫን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ከሐይቁ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። በጾም ቀን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ምግብ ቤት ገብቶ «ሩዝ በአትክልት» የሚያዝ ሰው ሳህኑ ላይ የሁለቱም ዳርቻ ታሪክ አለ፤ የሩዙ ከማዶ፣ የዘይቱ ከወዲህ። ክብደት ልቀንስ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው ሩዙ ላይ ነው። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ግን ፍርዱ ይለወጣል።

ፎገራ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፤ እንዲህ ያለውን መሬት ጤፍ አይወደውም። ስለዚህ ሜዳው ይታወቅ የነበረው በከብቱና ውሃው ሲሸሽ በቀሪው እርጥበት በሚዘራው ጓያ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አላመዱ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ነጭ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የማኅበራቱ ዘመን ሲያበቃም ዘሩ ከገበሬው እጅ አልወጣም። በኋላ መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየም ሰብል» አለው፤ በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጣለት፤ ወረታ ላይም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ።

ሩዝ ግን ወደ ገበሬው ቤት በድስት አልገባም፤ በምጣድ ገባ። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፣ ለጠላም ዋለ። ምጣዱን በጎመንዘር ከማሰስ በቀር ቅባት የሚባል ነገር አያውቀውም ነበር።

በዘይት የሚጠበሰው ሩዝ የመጣው ከከተማ ነው። በሐረርና በሶማሌ አካባቢ በባሕር ንግድ የመጣ ሩዝ ከሥጋ ጋር ሲበላ ኖሯል። በደጋው ከተሞች ደግሞ ካሮት፣ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን ተጨምሮበት የጾም ምግብ ሆነ። የተጠበሰ ሩዝ እናት አገር በምትባለው ቻይና ምግቡ የቁጠባ ብልሃት ነው፤ ትናንት የተቀቀለው ሩዝ እንዳይባክን በኃይለኛ እሳት ላይ በፍጥነት ይማሰላል። ያደረ ሩዝ ደርቆ ፍሬ ፍሬ ስለሚሆን ድስት ላይ አይጣበቅም፤ ዘይትም ብዙ አይፈልግም። በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ጥሬው ሩዝ በዘይት ከታሸ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ይበስላል፤ ዘይቱ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ዘይቱስ? የጎጃም የጥንት ዘይት ኑግ ነው። ኑግ ከዱር ተላምዶ ሰብል የሆነው በኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን፣ ህንድም ያገኘችው ከዚሁ እንደሆነ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በመስቀል ሰሞን የጎጃምን ማሳ ቢጫ የሚያደርገው ከአደይ አበባ ጋር እሱ ነው። ዘይቱ በቤት ውስጥ ሲወጣ ፍሬው ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ላይ የሰፈፈው ይገፈፋል። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ በስስት ነበር የሚፈሰው። በፍስክ ቀን ቦታው የንጥር ቅቤ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የዓቢይ ጾምና በፍልሰታ ደግሞ የኑግ።

የዘይት መጭመቂያ መኪና ሲመጣ ድካሙ ቀረ፤ ለከብቱም ፋጉሎ ተረፈ። እውነተኛው ለውጥ ግን ከውጭ የገባው የፓልም ዘይት ነው፤ ሕዝቡ «የሚረጋው ዘይት» የሚለው። ዋጋው ዝቅ ስላለ በጀሪካን ተገዛ፣ ከጀሪካንም በቀጥታ ድስት ውስጥ ተንቆረቆረ። ከፓልም ቅባት ግማሽ ያህሉ የረጋ ዓይነት ሲሆን፣ የኑግ ዘይት አብዛኛው ግን የማይረጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነገረለት። በሙቀጫ ዘይት ሲያወጣ ለኖረ አገር ይህ የዘመን ዝላይ ነው።

ውፍረት የጥጋብ ምልክት በነበረበት አገርም ሚዛኑ እየተለወጠ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 8ቱ ከመጠን ያለፈ ክብደት እንዳላቸው አሳየ፤ ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ 3 ነበሩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ 2 ኩባያ ጥሬ ሩዝ ወደ 1,300 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ግማሽ ኩባያ ዘይት ብቻውን ወደ 960 ይጨምርበታል። 2 የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ግን 240 ገደማ ነው። የኑግም ሆነ የፓልም ዘይት በጉልበት አንድ ነው፤ ግራሙ 9 ኪሎ ካሎሪ። ስለዚህ ዓይነቱን መቀየር ለልብ ይጠቅማል እንጂ መጠኑ ካልቀነሰ ክብደት አይቀንስም።

መጠኑን ለመቀነስ ደግሞ የውጭ አገር መጥበሻ አያስፈልግም። የጎጃም ባለሙያ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላለች፤ ሊያርር ሲል ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ ቅባቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ይኸው ሙያ ለሩዝም ይሠራል። ሩዙ ቀድሞ ለብቻው ይቀቀልና ይቀዘቅዛል። ሽንኩርቱ በደረቁ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ይከተሉታል። በማንኪያ የተለካው ዘይት ከዚያ ይገባል። ካሮቱና ጎመኑ ገብተው ሳይልፈሰፈሱ ሩዙ ይጨመራል። የአትክልቱ መጠን ከሩዙ ቢያንስ እኩል ይሁን፤ መራዊ አካባቢ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው የቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ስለሚያመርት አትክልቱ ሩቅ አይደለም። በጾም ቀን የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ፣ በፍስክ እንቁላል ቢገባበት ቶሎ አያስርብም። የተረፈ ሩዝ ግን ድስት ውስጥ ሞቆ ማደር የለበትም፤ በሙቀት ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ተመልሶ ሲሞቅ አይጠፋም። ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በልክ ሠርቶ በዕለቱ መጨረስ ይሻላል።

በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ዘይት፣ ስኳርና ጨው በልክ እንዲሆኑ ይመክራል። ክብደቱን የሚጠብቅ ሰው እንግዲህ ከፎገራ ሩዝ ጋር መጣላት የለበትም። መጀመሪያ ዘይቱን ይለካ፣ ቀጥሎ አትክልቱን ያብዛ፣ ሩዙን የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው።