«ፒክ አፕ» እና «አነሣ»፦ የአንድ ሐረግ ግስ ፍቺዎች ከጎንደር የትርጓሜ ልማድ አንጻር

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎችን ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ ሐረግ ግስ ነው። ሐረግ ግስ የምንለው አንድ ተራ ግስ ከመስተዋድድ ወይም ከተውሳከ ግስ ጋር ተጣምሮ፣ ከሁለቱ ክፍሎች ድምር የማይገኝ አዲስ ፍቺ ሲሰጥ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው «ፒክ አፕ» የተባለውን ነው። «ፒክ» ለብቻው መልቀም ወይም መምረጥ፣ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ዕቃ ማንሣትን፣ መንገደኛ ማሳፈርን፣ ቋንቋ መልመድን፣ በበሽታ መያዝን፣ የገበያ መነቃቃትንና ሌላም ብዙ ነገርን ያመለክታሉ።

በአማርኛ ቀድሞ ወደ አሳብ የሚመጣው አቻ «አነሣ» ነው። ይህ አቻነት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ለመረዳት የቃሉን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። በግዕዝ «ነሥአ» ወሰደ፣ ያዘ፣ ተቀበለ ማለት ነው፤ «አንሥአ» አስነሣ፣ ከፍ አደረገ፤ «ተንሥአ» ደግሞ ተነሣ ማለት ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ «ተንሥኡ» ብሎ ምእመናንን የሚያስነሣው በዚሁ ግስ ነው፤ «ትንሣኤ» የሚለውም ስም የተገኘው ከዚሁ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ነሣ» ለብቻው የመውሰድን ፍቺ ትቶ ከለከለ፣ አሳጣ ማለት ሆኗል፤ «እንቅልፍ ነሣው»፣ «ፊት ነሣው» እንዲሉ። ከሰው ላይ መውሰድ ሰውየውን ማሳጣት ስለሆነ የፍቺው መንገድ በዚህ በኩል የሄደ ይመስለናል። የቀድሞው ፍቺ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ «ድል ነሣ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ድል የነሣ ሰው ድልን ወሰደ እንጂ ድልን ከለከለ አይባልምና።

ከዚህ የምንረዳው አማርኛም የሐረግ ግስን ሥራ በራሱ መንገድ እንደሚሠራ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ሳይነካ ከኋላው ቅንጣት ሲጨምር፣ አማርኛ ግሱን ራሱን ያረባል፤ ነሣ፣ አነሣ፣ ተነሣ፣ አስነሣ፣ አነሣሣ ይላል። ወይም ከፊቱ ስም ያስቀድማል። «እጅ ነሣ» በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ ማለት ነው፤ «ክርስትና አነሣ» ለሚጠመቅ ሕፃን የክርስትና አባት ሆነ ማለት ነው። በጎንደር በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ «ታቦቱ ተነሣ» ሲባል ጉዞ ጀመረ ማለት ነው፤ ከአዘዞ የሚበር አውሮፕላንም እንዲሁ «ተነሣ» ይባላል። ስለዚህ ተርጓሚ የ«አፕ»ን አቻ «ወደ ላይ» በሚለው ቃል ሳይሆን በግሱ እርባታ ውስጥ ሊፈልገው ይገባል።

አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሲኖረው ምን እንደሚደረግ የጎንደር ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲመክሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የመሠረቷት ከተማ ከጊዜ በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ማእከል ሆናለች፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖችም ስማቸው ከእርስዋ ጋር የተያያዘ ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ዳግመኛም «አንድም» ይላል። ይሁን እንጂ ይህ የተመሳሳይ ቃላት ድርድር አይደለም። እያንዳንዱ «አንድም» ከዐውደ ንባቡ፣ ከታሪክ ወይም ከምሳሌ ጋር ይያያዛል፤ ማስረጃ የሌለው ፍቺ ተቀባይነት የለውም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተከፍቷል። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ሲያስወጡ አብረው ከወጡት አንዱ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እኒህ ሰው በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው በኋላም በጎታ አብረው ሠርተዋል፤ ሉዶልፍም እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳትሟል። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን ያሳተመው መዝገበ ቃላት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሁለት ክፍሎች አሉት። በጎንደር የተቀመጠው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ አወጣ። በእንዲህ ያለው የሁለት ቋንቋ መዝገብ ቃል በቃል ትይዩ ይቆማል፤ የትኛው ፍቺ ለየትኛው ንግግር እንደሚሆን ግን ከትይዩ ቃሉ ብቻ አይታወቅም።

የዚህ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በጤና ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተቋቋመ። የጤና ባለሙያ በእንግሊዝኛ የተማረውን ለደጋውም ለቆላውም ገበሬ በአማርኛ ማስረዳት ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ ሰውየው በሽታውን «ፒክ አፕ» አደረገ ይላል፤ አድራጊው ሰው ነው። በአማርኛ ግን አድራጊው በሽታው ነው፤ «ወባ ያዘው»፣ «ጉንፋን ተጋባበት» ይባላል። ተርጓሚው «ወባ አነሣ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ሰውየው ስለ ወባ ተናገረ ብሎ ይረዳል። «ወባው ተነሣበት» ቢል ደግሞ ቀድሞ የነበረው በሽታ አገረሸበት ማለት ይሆናል። አዲስ መያዝንና ማገርሸትን ለይቶ ማወቅ ለሐኪሙ ከባድ ቁም ነገር ነው፤ በአንድ ግስ ምርጫ ሊሳት አይገባም።

ስለዚህ ሐረግ ግሱን በጎንደሮቹ ሥርዐት ብንፈታው እንዲህ ይሆናል። የወደቀ ዕቃ ሲሆን አነሣ፤ እህል ሲሆን ለቀመ። አንድም የስልክ መነጋገሪያ ሲሆን አነሣ። አንድም መንገደኛ ሲሆን አሳፈረ፤ ልጅን ከትምህርት ቤት ሲሆን ሄዶ አመጣ። አንድም ቋንቋ ሲሆን ለመደ፤ ዕውቀት ሲሆን ቀሰመ፤ መቅሰም የንብ ሥራ ነውና። አንድም በሽታ ሲሆን ያዘው። አንድም ወንጀለኛ ሲሆን ያዘ። አንድም ሬዲዮ የጣቢያ ድምፅ ሲቀበል ያዘ ወይም ሳበ። አንድም የተቋረጠ ወሬ ሲሆን ካቆመበት ቀጠለ። አንድም ንግድ ሲሆን አንሠራራ፤ ገበያ ሲሆን ደራ። አንድም ፍጥነት ሲሆን ጨመረ። በዚህ ዝርዝር «አነሣ» ሁለት ጊዜ ብቻ ሲገኝ «ያዘ» ሦስት ጊዜ ተገኝቷል። መጀመሪያ አሳብ ላይ የሚመጣው አቻ ብዙ የሚያገለግለው አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። ራሱ ሐረግ ግሱም «ፒካፕ» ተብሎ ወደ አማርኛ ገብቷል፤ ግን የጭነት መኪና ስም ሆኖ እንጂ ግስ ሆኖ አይደለም።

በሌላ በኩል «አነሣ» እንግሊዝኛው የማይደርስበት የራሱ ሰፊ ግዛት አለው። ጥያቄ ይነሣል፤ ማዕድ ይነሣል፤ ስም ይነሣል፤ ሹም ከሥልጣኑ ይነሣል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ለእነዚህ ሁሉ «ፒክ አፕ» አይሆንም። ሁለቱ ቃላት በጥቂት ቦታ ተገናኝተው ወዲያው የሚለያዩ ናቸው።

ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 በቪስባደን ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍቺዎችን በዐረፍተ ነገር እያስደገፈ በማሳየቱ ለተርጓሚዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። እኛ ግን ይህን አሠራር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገን አንመለከተውም፤ የጎንደር መምህራን በቃል ሲያስተምሩት ከኖሩት ጋር በመንፈስ አንድ ነው። በመሆኑም ወደፊት በሚዘጋጁ መዛግብተ ቃላት ሐረግ ግስ ራሱን የቻለ መግቢያ እንዲሰጠው፣ ለእያንዳንዱም ፍቺ አድራጊውና ተደራጊው ተለይተው የሚታዩበት አንድ ምስክር ዐረፍተ ነገር እንዲጨመርለት እናሳስባለን። ምስክር የሌለው አቻ ለተርጓሚው ከመርዳቱ ይልቅ ማሳሳቱ ያመዝናል።