ሌባሻይ፣ ቡዳ እና የሰው ስም

ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሰሞን ስለ አሜሪካዊው ጸሐፊ አርተር ሚለር «ዘ ክሩስብል» የሚባል ተውኔት ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከሥሩ «ቲቸር፣ እግዜር ይስጠን፣ እኛ አገር እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ብሎ ጻፈ። ኧረ ነበረ! ያውም ሹም አዝዞት፣ አደባባይ ላይ፣ ቀን በጠራራ ፀሐይ።

ተውኔቱን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1692 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳሌም በምትባል መንደር ጥቂት ልጃገረዶች ይንቀጠቀጡ፣ ይጮኹ ጀመር። ጠንቋይ ነው ተባለ። «ማን ነው ያደረገባችሁ?» ሲባሉ ስም ጠሩ። መጀመሪያ የተጠሩት እነማን መሰሏችሁ? ቲቱባ የምትባል ባሪያ፣ አንዲት ለማኝ፣ አንዲት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመች በሽተኛ። ከዚያ ስሙ ወደ ላይ፣ ወደ ባለመሬቱና ወደ ጨዋው ወጣ። 19 ሰው ተሰቀለ፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ። የሚገርመው «አዎ ጠንቋይ ነኝ» ያለ ተረፈ፣ «አይደለሁም» ብሎ የጸና ተሰቀለ። ሚለር ይህን በ1953 መድረክ ላይ ያወጣው በራሱ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት አደን ስለነበር ነው። እሱንም በ1956 ምክር ቤት ጠርተው የጓደኞችህን ስም ቁጠር ቢሉት እምቢ አለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ሌባሻይ ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ከ«መሻት» ነው፣ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። እቃ የጠፋበት ሰው ይከሳል። ባለሙያው ይጠራል፣ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፣ ያጨሳልም። ትንሽ ቆይቶ ይሰክራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ወገቡን በመቀነት አስረው ይይዙታል፣ እሱ እየጎተታቸው በየደጁ ይሮጣል። አንዱ ቤት ገብቶ ከወደቀ በቃ፣ አለቀ፤ ባለቤቱ ሌባ ነው፣ የጠፋውን ይከፍላል። ምስክር የለም፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለም። የሰከረን ሕፃን ማን ይጠይቃል?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አያቶቻችን ሞኝ ነበሩ» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሌባሻይ ያን ያህል ዘመን የኖረው አንዳንዴ ስለሚሠራ ነው። ባለሙያው መጣ ሲባል የእውነት ሌባ የሆነው ሰው ደንግጦ እቃውን በሌሊት አጥር ላይ ጥሎ ይሄዳላ! ችግሩ ሌባው ሳይደነግጥ ሲቀር ነው። ያኔ ልጁ የግድ አንድ ቦታ መውደቅ አለበት። የት ይወድቃል? ልጁን የሚመራው ሰው መንደሩ ከገባ ጀምሮ ወሬ ሲሰማ ነው የዋለው። ስለዚህ ልጁ የሚወድቀው መንደሩ አስቀድሞ በልቡ የፈረደበት ሰው ቤት ነው፤ መጤው፣ ዘመድ የሌለው፣ ከጎረቤት የተጣላው። መድኃኒቱ ሐሜትን ወደ ፍርድ ይለውጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያገኝም። ሌባሻይ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ።

ከሱ የተሻለው አውጫጭኝ (አፈርሳታም ይባላል) ነበር። የአካባቢው ወንድ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። ካልተገኘም አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። እዚያ ላይ ማንነቱ የማይገለጥ ጠቋሚ አለ፣ ስሙ «ወፍ» ነው። «ወፍ ነገረችኝ» የምንለው ቀልድ አንድ ዘመን ላይ ፍርድ ቤት ነበር ማለት ነው። ወፍ ባይኖር ኃይለኛውን ደፍሮ የሚጠቁም አይገኝም ነበር፤ እውነት ነው። ግን ወፍ ከተሳሳተች፣ ወይ ቂም ካላት፣ ማን ይይዛታል? የዛሬዋ ወፍ በውሸት ስም አካውንት ከፍታ ፌስቡክ ላይ ተቀምጣለች።

ለሳሌም ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው የቡዳ ነገር ነው። ታማሚው ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል። ጭስ ያጨሱበታል። «ማን በላህ?» ይባላል። ይለፈልፋል፣ ስም ይጠራል። ልክ እንደነዚያ ልጃገረዶች! የተጠራው ሰው ተጎትቶ ይመጣል፣ እንትፍ በል ይባላል። እንትፍ ካለ አመነ፣ አልልም ካለ ጨካኝ ቡዳ ነው። መውጫ የለውም። በወሎ ደግሞ ነገሩ ሃይማኖት አይለይም፤ ክርስቲያኑ ክታብ ያንጠለጥላል፣ ሙስሊሙ ሂርዝ። የሚፈሩት ግን ያንኑ ሰው ነው፤ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን። ቀን ማረሻችንን ያሠራነውን ሰው ማታ ጅብ ይሆናል እንላለን። በምጣዷ እንጀራ እየበላን ልጇን ለልጃችን አናጭም። (በነገራችን ላይ የሚለር ተውኔት ርዕስ ትርጉሙ አንጥረኛ ወርቅ የሚያቀልጥበት ዕቃ ነው። እኛ ጋ ተከሳሹ ራሱ አንጥረኛው ነው።)

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፣ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ላይ ታገኙታላችሁ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎ፣ በኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አጠገቧ የሚቀመጥ አጥታ ሴሚስተሩን ሙሉ ብቻዋን ዴስክ ይዛለች። ምን አደረገች? ምንም። አባቷ ማጭድ ይሠራል። ቦታ አቀያይሬ አስቀመጥኳቸው፣ በማግስቱ አንድ ወላጅ ሊጣላኝ መጣ።

ቀይ ሽብርን አልዘረዝርም። በ1969 እና በ70 በየቀበሌው ስብሰባ «አጋልጥ» ሲባል የነበረውን ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ የሚለርን ሦስተኛ ገቢር የሚተርኩላችሁ ይመስላችኋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ላይ እያለ፣ ካለፈም በኋላ፣ «ጠቋሚ ነው» የምትል አንዲት ቃል ምን ታደርግ እንደነበር የኖርነው እናውቃለን። ቁስሉ ትኩስ ነው፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ግን ጥቅምት 2011ን አልተወውም። በራሳችን ክልል፣ ምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም ከተማ። ለጤና ምርምር የሄዱ ሰዎች ልጆችን በክትባት ሊገድሉ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሁለት ተመራማሪዎችን ገደለ። ገዳዮቹ አውሬ አልነበሩም፣ ልጆቼን አዳንኩ ብለው የሮጡ እናትና አባት ነበሩ። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሳሌምም ውስጥ ዳኞቹ የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል፣ አንቀጽ 24 ደግሞ የክብርና የመልካም ስም መብትን ያስቀምጣል። የተውኔቱ ጆን ፕሮክተር ሊሰቀል ሲል በውሸት ያመነበትን ወረቀት ይቀዳል፤ ሕይወቱን ይዞ ስሙን መስጠት አቃተው። እኛ አገርም «ስሜን አጠፋው» የሚባለው «ገደለኝ» ለማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ሰሞኑን በውስጥ መስመር አምስት ስድስት ሰው የላከልኝ ፎቶ ነው። «ሕፃን ሰራቂ ነው፣ ሀብሩ ውስጥ ታይቷል፣ ሼር አድርጉት» ይላል። ማን ነው ያየው ብዬ ጠየቅኩ፤ «ሁሉም ሰው እያለ ነው»። የየትኛው ቤት ልጅ ጠፋ? የሚያውቅ የለም። ፖሊስ ጋ ያመለከተስ? የለም። የልጁ ፊት ግን አሁን ከመርሳ እስከ ወልድያ በየስልኩ አለ። አላጋራሁትም። የላካችሁልኝ ልጆች ተቆጥታችኋል፣ አውቃለሁ። ያመለከተ ሰው ካለ ስልክ ደውሉልኝ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

አያቶቻችሁ ስለ ሌባሻይ የነገሯችሁ ካለ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተለይ የውርጌሳ፣ የስሪንቃና የግራና ልጆች።