የወለጋ ቱምቱና የፎቅ ቤት ብረት

ዛሬ በነቀምቴ ፎቅ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የፌሮን ዋጋ ይጠይቃል። ወለጋ ግን ብረትን ከአፈር ማውጣት የጀመረችው ፌሮ ሳይታወቅ ነው። በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው ባለሙያ የብረቱን አፈር ከከሰል ጋራ በምድጃ ከትቶ በወናፍ ያናፋው ነበር። ብረት እንደ ውሃ የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ስለ ሆነ የወናፉ እሳት ከዚያ አይደርስም፤ የሚገኘው የብረት አር የተቀላቀለበት ጓል ነው። እርሱም ተቀጥቅጦ ለማረሻና ለጦር ይበቃል እንጂ ፎቅ አይሸከምም። ይህን ጥበብ የያዘው ሰው ደግሞ በቡዳነት ይታማ ነበር! ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ሐሜቱ ቶሎ አልቀረም።

ወናፉ ያልደረሰበትን እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. አስታወቀ። በቀለጠው ብረት ውስጥ አየር ሲነፋ ካርቦኑ ይቃጠላል። ከመቶ እስከ 4 እጅ ካርቦን ያለበት ብረት ተሰባሪ ነው፤ ወደ 0.2 እጅ ሲወርድ ግን ሳይሰበር የሚጎብጥ ዐረብ ብረት ይሆናል። በ1885 ቺካጎ ውስጥ ባለ 10 ፎቅ ቤት በብረት አጥንት ቆመ።

በእኛ አገር ይበልጥ የተለመደው ብረቱን በሲሚንቶ መቅበር ነው። ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይሰነጠቃል፤ ስበቱን የሚችለው ፌሮው ነው። ፌሮ ቀንሶ ሲሚንቶ የሚጨምር ባለ ቤት ይህን አላስተዋለም። ሸክም ወለሉን ሲያጎብጠው የሚሳበው የታችኛው ገጽ ነውና፣ በወለሉ መካከል ፌሮው የሚነጠፈው በዚያ በኩል ነው።