ብርሃን ከላይ የሚወርድበት ቤት



ለሕክምና ጉባኤ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል በሄድኩ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ኒው ሩም» የሚባለውን ጸሎት ቤት አየሁ። ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1739 አስጀመረው፤ በ1748 ደግሞ አሰፋው። የመጀመሪያው የሜቶዲስት ሕንፃ ይኸው ነው።

ሲገቡ ግራ የሚያጋባው፣ ከታች በኩል መስኮት የለውም። ያኔ ሜቶዲስቶችን በድንጋይ የሚያሳድድ ሁከተኛ ነበርና ግድግዳው ድፍን ሆነ። ታዲያ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ከጣሪያው መሃል፣ ስምንት ማዕዘን ካለው የመስታወት ማማ። ማማው ሰባኪዎቹ ያርፉበት የነበረውን ፎቅ አልፎ ይወጣል፤ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በመስታወቱ ቁልቁል አዳራሹን ያያል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ለጸሎት ብቻ አልነበረም፤ የድሃ ልጆች ይማሩበት፣ ሕመምተኞችም በነፃ መድኃኒት ያገኙበት ነበር። ዌስሊ ቄስ እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ቢሆንም በ1747 ለተራው ሰው የሚሆን የሕክምና መጽሐፍ አሳትሟል። መድኃኒቶቹን ዛሬ አላዝም! በአሠራሩ ግን እቀናለሁ።

ብዙዎቻችን ክሊኒክ ከፍተናል። ፊታቸው ሙሉ መስታወት ነው፣ ያምራሉ። ግን ካርድ ክፍል ላይ ገንዘብ ያጠራትን እናት ስንቴ መልሰናል? እኔ መልሻለሁ። የዚያ ቤት ግድግዳ የተደፈነው ለድንጋይ ወርዋሪ እንጂ ለታማሚ አልነበረም። እንግዲህ ቀጣዩን ክሊኒክ ስንሠራ፣ ከመስታወቱ በፊት በሩን እናስብ።