ርስት በሺሕ ዓመቱ፦ በደብረ ታቦር ችሎት ያላረጀ መብት

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከፋርጣ እስከ እስቴ፣ ከጋይንት ደጋ እስከ ፎገራ ሜዳ በተዘረጋው አገር የተወለደ የባላገር ልጅ፣ ፊደል ቢቆጥርም ባይቆጥርም፣ የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም በአባቱም በእናቱም በኩል እየጠራ እስከ አቅኚው አባት እንዲያደርስ ከልጅነቱ ይለማመድ ነበር፤ ሐረጉን የማያውቅ ሰው፣ መሬቱን የሚሻ ባላንጣ በተነሣበት ጊዜ፣ በዳኛ ወንበር ፊት የሚናገረው ቃል አይኖረውምና።

የዚህ ሁሉ ቆጠራ መሠረት «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል ነው። ዛሬ ተረት መስሎ ይነገራል እንጂ በዚህ አገር፣ በቀድሞ ስሙ በቤጌምድር፣ ዳኞች ዘንድ የጸና የሕግ ሥርዓት ነበር። የሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ መሬትን ሁለት ዓመት የያዘውን ሰው ባለሀብት ሲያደርገው፣ የአገራችን ልማድ ግን ለጊዜ ይህን ሥልጣን አልሰጠውም። በክፉ ቀን የተሰደደ፣ ለዘመቻ ሄዶ በዚያው የቀረ፣ በሕፃንነቱ ወላጆቹን ያጣ፣ ወይም በሩቅ አገር የተዳረች ሴት ልጅ፣ ራሳቸው ባይመለሱ እንኳ የልጅ ልጆቻቸው ተመልሰው ድርሻቸውን ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። ይህ ሥርዓት የደካማ ጋሻ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በእናት በኩል የሚቆጠር ሐረግ ከአባት ሐረግ እኩል ተሰሚ መሆኑም ሴቲቱን ከርስት ባለቤትነት እንዳትወጣ ጠብቋታል።

ደብረ ታቦር ከተቆረቆረችበት ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ስለ ነበረች፣ የዙሪያው ሙግት ሁሉ መድረሻው እዚያ ነበር። ራስ ጉግሣ የመኳንንቱን ኃይል ለመስበር የርስት መብታቸውን እንደ ነቀሉባቸው በትውፊት ይነገራል። የየጁው ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ድል ከሆኑ በኋላ ከተማይቱን የያዙት ዐፄ ቴዎድሮስም፣ በ1852 ዓ.ም. ገደማ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፣ የተረፈው መሬት ለግብር ከፋይ ገበሬ ይሰጥ ብለው በወሰኑ ጊዜ ከካህናቱና ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበራቸው ጠብ በረታ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል፤ ጉልት ግብር የመብላት መብት ሲሆን ንጉሥ ሰጥቶ ንጉሥ ይነሣዋል፣ ርስት ግን ከአቅኚው አባት ደም የሚወርድ ስለሆነ ሹም ሲሻር አብሮ አይሻርም። ነገሥታቱ የነኩት ብዙውን ጊዜ ጉልቱን ነበር፤ ርስቱን ለመንካት የሞከረ ሁሉ ገበሬውን ከሥር መሠረቱ አነሣሣው።

ሙግቱ በአፍ ነበር። ተሟጋቹ ጋቢውን አደግድጎ በዳኛው ፊት ይቆምና ዋሱን ይጠራል፤ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ባላንጣውን ይገጥማል፤ ያም «ተጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል፤ የቃሉን እውነት በማር፣ ነገሩ ሲከብድም በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል። ከዳር ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ቃል ያዛነፈውን ለይቶ ያውቃል፤ የተናደደ ሰው እጁን ቢያነሣ እንኳ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ በሰማ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ዳኛው ሊቃውንትን ጠይቆ ፍትሐ ነገሥትን ያስጠቅስ ነበር፤ ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካዘጋጀው ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ 51 አንቀጽ ያለው፣ መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ሕግ ያጠቃለለ ነው። የርስቱ ክርክር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በሽማግሌ ትዝታ ላይ ይቆም ነበር፤ የዚህ ጉድለቱም ግልጥ ነው፤ ትዝታ ያለው ሽማግሌ ሲሞት ማስረጃው አብሮ ይቀበራል፣ አንዱ ሙግትም ከአባት ወደ ልጅ እየተወረሰ ስንቱን ቤት ማርና በቅሎ አስጨርሷል።

ጽሑፍ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። እንደ ማኅደረ ማርያም ባሉ ጥንታውያን አድባራት፣ በወንጌሉ ብራና ኅዳግ ላይ፣ ማን ለማን መሬት እንደ ሸጠ፣ ማን ለማን እንዳወረሰ፣ በዘመኑ ሹም ማን እንደ ነበረ ተጽፎ፣ ከሥሩ የእማኞቹ ስም ይደረደራል። ቃለ ወንጌልና የመሬት ውል በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የተቀመጡት ውሉን ያፈረሰ ሰው ከግዝት በታች እንዲሆን ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ እጅ ተረቅቆ በወጣ ጊዜ በቁጥር 3347 የቀድሞውን ልማድ ሻረ፤ በቁጥር 1168ም 15 ዓመት ሳያቋርጥ ግብር የከፈለ ባለይዞታ የመሬቱ ባለሀብት እንዲሆን ደነገገ። ሆኖም በዚያው ቁጥር፣ በልማድ የአንድ ቤተ ዘመድ የጋራ ርስት የሆነውን መሬት ማንም በይርጋ፣ ማለት ረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ፣ እንዳይወስደው፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱም በማናቸውም ጊዜ ሊያስመልሰው እንዲችል አስቀረ። ልማድን ሁሉ የሻረው አዲስ ሕግ ለጋይንትና ለእስቴ ገበሬ ብሂል ስፍራ ለቀቀለት፤ ይህ በሕጋችን ታሪክ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ሙግት መሠረቱ ፈረሰ፤ የመሬት ክርክርም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ገበሬው የሚይዘው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት የተጻፈበት ነው፤ የእናትን ሐረግ ይቆጥር ለነበረው አገር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እንግዲህ በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ያላችሁ ካህናት ሆይ፣ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ያለው ጽሕፈት የአባቶቻችን ችሎት መዝገብ ነውና፣ እርጥበትና አይጥ ሳይቀድማችሁ አስገልብጡት፤ እናንተም የሕግ ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ወጥታችሁ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳችሁ አንብቡት።