መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት፦ በሌላው ዓለም፣ በአገራችንና በእኛ ሰፈር



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲነገረኝ ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል የጥንት ታሪክ ልጽፍ አስቤ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጉዳይ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ጉዳዩ የቅሬም ነው፣ የትምህርትም ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ላቅርበው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቅሬ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ቅሬው የእኛ ይሁን የሌላ አልናገርም። መቀጫ ያለባቸው ሰዎች ስም ሲነበብ አንድ መስማት የተሳነው አናጢ ተጠራ። ጥፋቱ ሁለት ቀብር ላይ አለመገኘቱ ነው። ጠሪው ሌሊት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲጣራ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እሱ ግን በምኑ ይስማ? ጎረቤቱ ትከሻውን ነክቶ ሲያስነሣው ጊዜ በጣቱ ወደ ጆሮው አመለከተ። አንዳንዱ ሰው ሳቀ። ሰውዬው መቀጫውን ከኪሱ አውጥቶ ከፈለና ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገር ግን አልተናገርኩምም። ዝም ያልኩበት ምክንያት ደግሞ ያሳፍረኛል። ያ ሰው ተማሪዬ ነበር።

በ1970ዎቹ አስተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ሕፃን ሳለ በበሽታ ጆሮው እንደ ጠፋ እናቱ ነግራኛለች። የእጅ ጽሑፉ ከክፍሉ ሁሉ ያማረ ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንድ ነጥብ ሳያስቀር ይገለብጣል። አንድ ቀን አምስት ጥያቄ ጽፌ መልሱልኝ ብል፣ እሱ አምስቱን ጥያቄ በሚያምር ጽሑፍ ደግሞ ጻፈልኝ። መልስ ግን የለም። ለካስ ከፊደሉ ቅርጽ በቀር የገባው ነገር የለም! እኔም ለጽሑፉ ንጽሕና ማርክ እየሰጠሁ አሳለፍኩት። አራተኛ ክፍል ሲደርስ አቆመ። ታዲያ ልጁ ሰነፍ ነበር ወይስ እኛ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሌላውን አገር ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ራሳችን አገር እንናገር። ሐይቅ የትምህርት አገር ናት። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ስንቱን ሊቅ እንዳወጣ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደ ተማሩ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ደረሳው በሸኹ ፊት ተቀምጦ ቁርአን የሚቀራባቸው ቤቶች በወሎ ምድር ሞልተው ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ትምህርት በጆሮ የሚገባ ነው። ዜማው በጆሮ፣ ቅኔው በጆሮ፣ ቂርአቱም በጆሮ። አምባሰልም ብትሆን ስሟን ለዜማ ቅኝት የሰጠች አገር አይደለችምን? እንዲህ ባለ የጆሮ አገር ውስጥ የማይሰማ ልጅ ከብት ይጠብቃል እንጂ ይማራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ይህ የክፋት ሥራ ሳይሆን መንገዱን ያለማወቅ ነው። መጠሪያው ራሱ ይህንኑ ያሳያል፤ «ደንቆሮ» የምንለው ቃል አለመስማትንና አለማወቅን አንድ አድርጎ ይሳደባል።

በአውሮፓም ቢሆን አነሳሱ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሌዎን የተባለ የስፔን መነኩሴ የመኳንንት ልጆችን አስተማረ፤ የድኻ ልጅ ግን አልደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ1760 ገደማ አቤ ደ ሌፔ የተባለ ቄስ በፓሪስ ለድኻውም ለሀብታሙም ትምህርት ቤት ከፈተ። የዚህ ሰው ብልሃት ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን የእጅ ምልክት መነሻ አድርጎ ማስተማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1778 ደግሞ ሳሙኤል ሃይኒከ በጀርመን በላይፕሲግ ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የእሱ መንገድ ልጁ የሰውን ከንፈር አይቶ እንዲረዳና በአፉ እንዲናገር ማለማመድ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ዓለም የሚከራከረው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ላይ ነው።

አሜሪካ የፓሪሱን መንገድ ወሰደች። ቶማስ ጋላውዴት የተባለ አሜሪካዊ ፓሪስ ሄዶ ሎራን ክለርክ የተባለ ራሱ መስማት የተሳነው መምህር ይዞ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1864 በዋሽንግተን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። የሚገርመው ግን ይህ ዩኒቨርሲቲ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ያውም ተማሪዎቹ በር ዘግተው ከጠየቁ በኋላ! 124 ዓመት ሙሉ የሚሰማ ሰው ነበር የመራቸው።

ከዚህ ላይ አንድ መጥፎ ታሪክ መጥቀስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1880 በኢጣሊያ አገር በሚላኖ ከተማ የመምህራን ጉባኤ ተደረገ። ከ164 ተሰብሳቢዎች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉባኤው የእጅ ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ በአፍ ብቻ ይማሩ ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ፤ ልጆችም በእጃቸው ሲነጋገሩ ከተገኙ ይቀጡ ነበር። አንዳንድ ልጅ በልምምድ ተናገረ፤ ብዙው ግን አንዲት ቃል ለማውጣት ሲታገል ዕውቀቱ አመለጠው። ይህን ውሳኔ ተተኪው ጉባኤ በካናዳ በቫንኩቨር ተሰብስቦ ስህተት ነበር ያለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኛ አምባሰሎች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ በውጫሌ ይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። በ17ኛው አንቀጽ ሰበብ የመጣውም ጦርነት ይታወቃል። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈልህን ነገር ጨብጠህ «ገብቶኛል» ማለት መጨረሻው ይህ ነው። የኔም ተማሪ ደብተር እንዲሁ ነበር፤ እኔ በአንድ ቋንቋ ጻፍኩ፣ እሱ ቅርጹን ብቻ ተቀበለ።

መንገዱ የተቃናው ቀስ እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ የጋላውዴት መምህር የእጅ ምልክት የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በጥናት አሳየ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1981 የምልክት ቋንቋን የልጆቹ አንደኛ ቋንቋ፣ ስዊድንኛን በጽሑፍ የሚማሩት ሁለተኛ ቋንቋ እንዲሆን ዕውቅና ሰጠች። ዛሬ በሀብታም አገሮች በቀዶ ጥገና ጆሮ ውስጥ በሚገባ መሣሪያ እየታገዙ ከሚሰሙት ልጆች ጋር የሚማሩ ብዙ ናቸው። መሣሪያውም ሆኖ ክርክሩ አልቆመም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ሊረሳ የማይገባው ሰው አንድሩ ፎስተር ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን በልጅነቱ በበሽታ መስማት ተሳነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጋና አክራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። ጎረቤታችን ኬንያ የመጀመሪያዎቹን ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1961 በንያንጎማና በሙሚያስ ከፈተች። በ2010ሩ ሕገ መንግሥቷም የምልክት ቋንቋን ከፓርላማዋ ቋንቋዎች አንዱ አደረገች። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ1995ቱ ሕገ መንግሥቷ የምልክት ቋንቋ እንዲዳብር ደንግጋለች።

በእኛስ አገር? በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን በከረን ማስተማር ጀመሩ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ መካኒሳ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀጥሎ አልፋ የተባለው በዚያው በአዲስ አበባ፣ በ1970ዎቹም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በሆሳዕና ተቋቋሙ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ተመሠረተ። የአሜሪካኖቹ ምልክትና አገር በቀሉ ምልክት ተዋሕደው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሆኑ።

ከሁሉ የሚያኮራኝ የጣት ፊደሉ ነው። በ1960ዎቹ የተዘጋጀው ይህ ፊደል የእኛኑ ሀ ሁ ሂ የተከተለ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለዚህ ሁሉ የእጅ ቅርጽ ከየት ይመጣል? መላው እንዲህ ነው፦ እጅ የፊደሉን ዘር በቅርጽ ያሳያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ደግሞ እጅን በማንቀሳቀስ ይለያል። ልጁ «በ»ን ካወቀ እስከ «ቦ» በእንቅስቃሴ ይደርሳል። የአባቶቻችን የፊደል ሥርዓት ለጣትም ሠራ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ እኔ ያንን ልጅ ከኋላ ወንበር ባስቀመጥኩበት ጊዜ መንገዱ በአገራችን ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር።

አሁን ለአንድ የሐይቅ ወይም የአምባሰል ወላጅ ምን ምርጫ አለው? በአገራችን ያለው መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ልዩ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ልጁ ቋንቋውን ከጓደኞቹ ጋር ጠግቦ ይማራል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከቤት መራቅ አለ። ሲመለስ እናቱ ቋንቋውን አታውቅም፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛው በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚከፈት ልዩ ክፍል ነው። ይህ ለቤት ይቀርባል፤ ችግሩ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲዛወር ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ አያገኝም። ሦስተኛው ከሚሰሙት ጋር አብሮ መቀመጥ ነው። ምልክት የሚያውቅ መምህር ወይም አስተርጓሚ ካለ መልካም ነው። ከሌለ ግን የኔው የኋላ ወንበር ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

በበኩሌ ከታሪኩ የተማርኩት ይህን ነው። የሚበልጠው ጥያቄ የትኛው ሕንፃ የሚለው አይደለም። ልጁ በሕፃንነቱ ሙሉ ቋንቋ አግኝቷል ወይ ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ስለዚህ ወላጅ ካልተማረ ልጅ ቋንቋ አያገኝም። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማን ይከለክላል? ግን እሱን እየጠበቅን ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ያለ ቋንቋ አይቀመጥ። ያ ጊዜ ካለፈ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መስማት የተሳነው አባል ባለበት ቤት ጠሪው ድምፅ ብቻ አሰምቶ አይለፍ፤ ጎረቤት ገብቶ በእጅ ይቀስቅሰው። ያልተቀሰቀሰ ሰው መቀጫ አይከፍልም የሚል በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ። ሁለተኛ፣ በየቤቱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ይመዝገቡና በቅርብ ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ልጁን ርቆ ለሚያስተምር ወላጅ የመንገድ ወጪ ከቅሬው ገንዘብ እንርዳ። ሲሞት የምንቀብረውን ሰው በቁሙ ብናስተምረው ምን ይጎድልብናል?

ባለፈው ዓመት ወደዚያ አናጢ ቤት ሄጄ ነበር። ስሜን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። አየና ፈገግ ብሎ፣ በዚያው በሚያምር ጽሑፉ፣ ከሥሩ ስሜን ደግሞ ጻፈልኝ። ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ምልክት አሳየኝ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። በዚያች ሰዓት የማይሰማው እኔ ነበርኩ።

አብሽሩ፣ ደኅና ሁኑልኝ።

ጡረታ የወጣ መምህር፣ የቅሬው አባል