ከአሰብ መንገድ እስከ ሃይድሮጂን፦ የደሴና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ የኀይል ታሪክ

የአንድ አገር የኢንዱስትሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፋብሪካዎች ብዛት፣ በሠራተኞች ቁጥርና በምርት መጠን ነው። የፋብሪካው ሞተር በምን ኀይል እንደሚዞር፣ ያም ኀይል ከየት እንደሚመጣና በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ከታሪኩ ዳር ይቀራል። የደሴና የኮምቦልቻ ታሪክ ይህን ልማድ የሚያርም ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ኢንዱስትሪው የቆመውም የተዳከመውም ከኀይል ምንጩ ጋር ተሳስሮ ነው። ዛሬ ንጹሕ ሃይድሮጂን የኢንዱስትሪ መነቃቂያ መንገድ ይሆናል እየተባለ በሚነገርበት ጊዜ፣ ያለፈውን የኀይል ታሪክ መመርመር የሚመጣውን ለመመዘን ይረዳል።

ሁለቱ ከተሞችና የባሕሩ መንገድ

በንጉሥ ሚካኤል መቀመጫነት ያደገችው ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቁልቁለቱ ሲያበቃ ከ1,900 ሜትር ዝቅ ብላ፣ በቦርከና ወንዝ አጠገብ በሜዳ ላይ ተቆርቁራለች። ደሴ የአስተዳደርና የንግድ ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ሆና ቆየች።

ኮምቦልቻን መገናኛ ያደረጋት የተፈጥሮ አቀማመጥዋ ብቻ አይደለም። የኢጣሊያ ወራሪ መንግሥት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የሚደርስ መንገድ አሠርቷል። ይህ መንገድ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጋር የሚገጥመው በኮምቦልቻ ነው። ለጦር ዓላማ የተቀየሰው መስመር ከነጻነት በኋላ የንግድ መስመር ሆነ።

በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር የመንገዱ ዋጋ የበለጠ ከፍ አለ። ድፍድፍ ዘይት በመርከብ መጥቶ በአሰብ ይጣራል፤ ቤንዚኑ፣ ናፍጣውና የፋብሪካ ማገዶ የሚሆነው ከባድ ጥቁር ናፍጣ በቦቴ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። ኮምቦልቻ በዚህ ጉዞ የደጋው የመጀመሪያ በር ነበረች። ነዳጁ ለአዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት በእርሷ በኩል ያልፋልና።

የከተማው ነዋሪ ኀይል ግን ሌላ ነበር። የደሴ ማጀት በማገዶ እንጨትና በከሰል፣ በተለይም በባሕር ዛፍ ይተዳደር ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው የአገሪቱ ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስለው በዚሁ ነው። ስለ አዲስ ኀይል የሚደረግ ማንኛውም ክርክር ይህን ጀርባ ሊዘነጋ አይገባውም።

ውሃውና ፋብሪካው

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገሪቱ የኀይል ዕቅድ ወደ ወንዞች አዘነበለ። ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራውና 43 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጣና አካባቢም ኀይልና ፋብሪካ ጎን ለጎን ተተከሉ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ 11.4 ሜጋዋት ያለው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ተከተለ። በባሕር ዳር ፋብሪካው ከውሃው አጠገብ ቆመ ማለት ነው።

የወሎ ዕድል ከዚህ የተለየ ነበር። ታላላቆቹ ግድቦች ከደሴ ርቀው ተሠሩ። ዋናው የማስተላለፊያ መስመር እስኪዘረጋ ድረስም በሰሜኑ የሚገኙ ብዙ ከተሞች መብራታቸውን የሚያገኙት ከናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ስለዚህ በዚህ ወገን ኢንዱስትሪን የሳበው ውሃው ሳይሆን መንገዱ ነው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሲቋቋም የተመረጠው ቦታ ወደ ባሕር በሚወስደው ጎዳና ላይ ነበር። ወቅቱም አገሪቱ በ1977ቱ ረኀብ የተመታችበት፣ ወሎም ከሁሉ የባሰ ጉዳት የደረሰባት ነበር። ለወሎ ወጣት ፋብሪካው እንጀራ ብቻ ሳይሆን፣ ከዝናብ ጠባቂነት የሚያላቅቅ አዲስ ኑሮ ማለት ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ኀይል ይፈልጋል። እንዝርቱንና የሽመና መኪናውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው። ክሩንና ጨርቁን ለማጠብ፣ ለማቅለምና ለማድረቅ የሚያስፈልገው እንፋሎት ግን ከቦይለር ይመጣል፤ ቦይለሩም በዘመኑ ልማድ በጥቁር ናፍጣ የሚነድ ነበር። የማስተላለፊያ መስመሩ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሞተሩ ወደ ወንዝ ኀይል ዞረ፤ ቦይለሩ ግን ከቦቴው ጋር እንደ ታሰረ ቀረ። ይህ ግማሽ ሽግግር በአገሪቱ ብዙ ፋብሪካዎች ላይ የታየ ሲሆን፣ በኮምቦልቻ ግን ብዙ ሳይቆይ ከባድ ፈተና ገጠመው።

በሩ ሲዘጋ

የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ወደቡ ራሱ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁም ማዳበሪያውም በዋናነት በጅቡቲ በኩል መግባት ጀመረ። ኮምቦልቻ ከደጋው የመጀመሪያ በርነት ወርዳ፣ ዋናው ጭነት በሌላ አቅጣጫ የሚያልፍባት ከተማ ሆነች።

ከተማዪቱ ግን አልተኛችም። የቢራ፣ የቆዳ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በየጊዜው ተተከሉባት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሃራ ገበያ የሚዘረጋውና በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው፣ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት ጦር እስኪመለሱ ድረስ ፋብሪካዎች ለዝርፊያና ለውድመት ተዳረጉ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ ምርቶች ይሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል አቋረጠ። የፓርኩ ሠራተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመቱ።

በዚህ መካከል የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ሚዛን ተለወጠ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኀይል አመነጨ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ሲሆን፣ በአማካይ ዓመት 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ተብሎ ይገመታል። የሃይድሮጂን ተስፋ በኢትዮጵያ መሠረት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ሃይድሮጂን ምን ይችላል?

ሃይድሮጂን የኀይል ቋት እንጂ የኀይል ምንጭ አይደለም። በተፈጥሮ ለብቻው በብዛት ስለማይገኝ ከሌላ ነገር መለየት አለበት። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው አብዛኛው የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ከምርቱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ንጹሕ የሚባለው በታዳሽ ኤሌክትሪክ ውሃን በመሰንጠቅ የሚገኘው ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን በዚህ መንገድ ለማምረት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና ቢያንስ 9 ሊትር የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል።

ከኤሌክትሪኩ ሲሶ ያህሉ በስንጠቃው ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ በሃይድሮጂን ማሠራት ኪሣራ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እንፋሎት በኤሌክትሪክ ቦይለር ሊገኝ ይችላል፤ ባቡሩም በሽቦ ሊሄድ ይችላል። ኤሌክትሪክ በቀጥታ የማይተካው ግን አለ፤ ከሁሉ በፊት ማዳበሪያ ነው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀርመኖቹ ሐበርና ቦሽ ባገኙት ዘዴ የአየር ናይትሮጂን ከሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያም ዩሪያና ሌሎች የናይትሮጂን ማዳበሪያዎች ይሠራሉ። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ አስገብታለች። መሬቱ ለዘመናት ታርሶ ለደከመበት የወሎ ገበሬ ይህ የዕለት ጉዳይ ነው።

የሦስት አገሮች ምስክርነት

ከወንዝ ኀይል ማዳበሪያ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ሦስት ፋብሪካዎች ለምሳሌ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው በኖርዌይ ርዩካን በተባለው ሸለቆ የነበረው ነው። የቬሞርክ የውሃ ኀይል ማመንጫ በ1911 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውሃን በመሰንጠቅ ሃይድሮጂን የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ተጨመረበት። ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚገኘው ሃይድሮጂን ርካሽ በሆነ ጊዜ ይህ ፋብሪካ ገበያውን አጣ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

ሁለተኛው በግብጽ አስዋን የሚገኘው ኪማ የተባለው ድርጅት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ምርት የጀመረው ይህ ፋብሪካ በዓባይ ውሃ በመነጨ ኤሌክትሪክ ዓባይን ውሃ ሰንጥቆ ለግብጽ ገበሬ ማዳበሪያ ሠርቷል። ለአሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ እርሱም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛወረ።

ሦስተኛው በዚምባብዌ ክዌክዌ የሚገኘው ሴብል ኬሚካልስ ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን እያመረተ የአገሪቱን የአሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ ሲያቀርብ ኖረ። የኀይል እጥረትና የታሪፍ ጭማሪ በበረታበት በ2015 እ.ኤ.አ. የስንጠቃውን ክፍል አቆመ፤ ከዚያ በኋላ አሞኒያውን ከውጭ መግዛት ግድ ሆነበት።

ከሦስቱ በአንዳቸውም የስንጠቃው ዘዴ አልከሸፈም። የጎደላቸው ርካሽና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ነው። ኀይል ሲያጥር የከተማው መብራትና የፋብሪካው ማሽን ይሻማሉ፤ በሽሚያውም ብዙ ኀይል የሚወስደው መሰንጠቂያ አስቀድሞ ይጠፋል። የክዌክዌ ታሪክ በተለይ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው፤ ኀይሉን በወንዞች ላይ የሚመሠርት አገር ድርቅ በመጣ ቁጥር ይህን ፈተና መጋፈጡ አይቀርምና።

መጥኖ መጀመር

ይህን ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ሚዛን ማምጣት ይቻላል። አንድ ቶን አሞኒያ 177 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂንና በጠቅላላው 10 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። በዓመት 100,000 ቶን አሞኒያ የሚያመርት መካከለኛ ፋብሪካ ቢተከል ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ 115 ሜጋዋት ያህል ይወስዳል። ይህ ከቆቃ ማመንጫ አቅም ሁለት ተኩል ጊዜ ይበልጣል። ለስንጠቃው ብቻ በቀን ከ440 ሜትር ኩብ ያላነሰ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ከዚህ ውጭ ነው። በፋብሪካ ፍሳሽ ሲጎዳ ለኖረው ለቦርከና ወንዝ ይህ በጥንቃቄ የሚታይ ጥያቄ ነው።

ከዚህ መጠን አሞኒያ 175,000 ቶን ያህል ዩሪያ ይገኛል። 2 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በዚህ ዘዴ ብቻ ለማምረት ቢታሰብ ግን በዓመት ወደ 11,400 ጊጋዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሕዳሴው ግድብ አማካይ የዓመት ምርት ሦስት አራተኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ንጹሕ ሃይድሮጂን የአገሪቱን ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል የሚለው ተስፋ ከዚህ ስሌት ጋር አይታረቅም። መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ ለሚሠራው የዩሪያ ፋብሪካ የተዋዋለው በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን በሚደርስ መጠን ሲሆን፣ ሃይድሮጂኑ የሚወጣው ከኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ታዲያ ለንጹሕ ሃይድሮጂን የሚቀረው ቦታ የትኛው ነው? ጎዴ ከወሎ ደጋ እጅግ ሩቅ ነው። በሰሜኑ መካከል፣ በባቡርና በአውራ ጎዳና መገናኛ ላይ የሚቆም አነስ ያለ ፋብሪካ ወደብም ሆነ ረጅም የበረሃ ጉዞ ሳያስፈልገው ለአካባቢው ገበሬ ሊያቀርብ ይችላል። ዩሪያ ለመሥራት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጭ ያስፈልጋል፤ ይህም በሰሜን ሸዋ ለሚ እንደሚገኘው ካለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሊታሰብ ይችላል። ያለ ካርቦን የሚሠራው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ የሚፈነዳ በመሆኑ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተቀይጦ በጥብቅ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው።

የቅደም ተከተሉ ነገር ግን ሊዛነፍ አይገባውም። በመጀመሪያ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ማድረስ፣ የጥቁር ናፍጣውን ቦይለር በኤሌክትሪክ መተካት፣ የባቡሩን መስመር ለአገልግሎት ማብቃት ይቀድማል። ቀጥሎ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አነስተኛ የስንጠቃ ጣቢያ ተቋቁሞ ባለሙያዎች በእጃቸው ቢሠሩበት፣ የውሃውን ጥራትና የመሣሪያውን ጥገና ቢለማመዱበት ለትልቁ ሥራ መሠረት ይሆናል። በመጨረሻም ፋብሪካው ሲታቀድ በድርቅ ዓመትም የማይነካ የኀይል ድርሻ በውል ሊታሰርለት ይገባል፤ የክዌክዌ ፋብሪካ ያጣው ይህንኑ ነበርና።

የኮምቦልቻ ሠራተኛ በአርባ ዓመት ውስጥ የነዳጅ በር ሲዘጋበት፣ ፋብሪካው በጦርነት ሲዘረፍበት፣ ገበያው በሌላ አገር ውሳኔ ሲቋረጥበት አይቷል። ለእርሱ የሚቀርብለት አዲስ ተስፋ ስሌቱ አስቀድሞ የተመረመረ ሊሆን ይገባዋል። ስሌቱንም መርምሮ ለውሳኔ ሰጪው በግልጽ ማቅረብ የመሐንዲሱና የኬሚስቱ የሙያ ግዴታ ነው።